ከተማ በአዋጅ ብቻ አይቆምም

የአንድ አገር ዋና ከተማ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሰበሰቡበት ስፍራ ብቻ አይደለም። መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉና ንግዱ ሁሉ ወደዚያው ይሳባል፤ ሥራ ፈላጊውም ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያው ይጎርፋል። ስለዚህ ዋና ከተማው በአገሩ ዳር ሲሆን ሀብቱና ዕውቀቱ በዳር ይከማቻል፤ መሐል አገሩ ግን የበይ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ይህን ለማስተካከል አንዳንድ መንግሥታት መቀመጫቸውን ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር ይወስናሉ። ውሳኔው ተገቢ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ከሕንጻው አስቀድሞ ውሃው፣ መንገዱና የነዋሪው ኑሮ ካልታሰበበት ከተማ በአዋጅ ብቻ አይቆምም። ለዚህ አስተያየት የታንዛኒያ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳሬ ሰላም በመጀመሪያ የመንግሥት መቀመጫ የሆነችው በአገሩ ሕዝብ ምርጫ አይደለም። ጀርመኖች በ1891 የቅኝ ግዛታቸውን አስተዳደር ከባጋሞዮ ወደዚያ ያዛወሩት ለመርከብ የሚመች ወደብ ስላገኙ ነው። የቅኝ ገዥው ዓላማ የአገሩን ምርት ወደ ባሕር ማዶ ማጓጓዝ ስለ ነበረ የባሕሩ ዳርቻ ተስማምቶት ነበር። ነፃ የወጣ አገር ግን ፊቱን ወደ ገበሬው ማዞር ይገባዋል። በፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ይመራ የነበረው የታንዛኒያ መንግሥት ይህንኑ በማሰብ በ1973 መቀመጫውን በአገሩ መካከል ወደምትገኘው ወደ ዶዶማ ለማዛወር ወሰነ። ዶዶማ ከዳሬ ሰላም በስተ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የጎጎ ሕዝብ በእርሻና በከብት እርባታ የሚተዳደርባት ዝናብ አጠር ምድር ናት።

ውሳኔውን የሚነቅፉ ሰዎች ምክንያት የላቸውም ማለት አይቻልም። ወደብ፣ ባንክና ቢሮ የተሟላበት ከተማ እያለ በድሃ አገር ገንዘብ ሌላ ከተማ መቆርቆር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡ ጎደሎ ነው። በ2022 በተደረገው ቆጠራ የዳሬ ሰላም ሕዝብ ከ5 ሚሊዮን በልጦ ተገኝቷል። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ቤት፣ ውሃና መንገድ ማቅረብም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ወጪው የማይቀር ከሆነ ከፊሉን መሐል አገር ላይ ማዋል ብልህነት ነው። ከምዋንዛ ወይም ከኪጎማ አቤቱታ ይዞ ለሚመጣ ሰውም ዶዶማ ከባሕሩ ዳርቻ ይልቅ ትቀርበዋለች።

ሥራው በ10 ዓመት ውስጥ እንዲፈጸም ታቅዶ ነበር። በዚያው በ1973 የዋና ከተማውን ልማት የሚመራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1976ም አንድ የካናዳ ድርጅት የከተማውን ጠቅላላ ፕላን አዘጋጀ። ፕላኑ ነዋሪው በእግሩና በአውቶቡስ በቀላሉ የሚንቀሳቀስባቸውን አነስተኛ ሰፈሮች ያቀደ ስለ ነበር አሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ በ1978 እና በ1979 ከኡጋንዳ ጋር የተደረገው ጦርነትም የአገሩን ካዝና አራቆተ። 10 ዓመቱ ሲያልፍ አብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች ገና በዳሬ ሰላም ነበሩ። ሠራተኛውም ቢሆን ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለቤተሰቡ መኖሪያ ሳያገኝ በትእዛዝ ብቻ ጓዙን ሊነቅል አይችልም።

በአገራችንም ይህን የሚመስል ነገር ታይቷል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ተመንጥሮ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት በጠፋ ጊዜ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በአዲስ ዓለም ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ይሁን እንጂ ዝውውሩ ቀረ። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከጊዜ በኋላ የእንጨቱን ችግር አቃለለ፤ አዲስ አበባም በስፍራዋ ጸናች። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ሕንጻ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማን ለመንቀልም ሆነ ለማጽናት የማገዶን ያህል ተራ የሚመስል ነገር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ እንረዳለን።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የዶዶማም ዕቅድ ዘገየ እንጂ አልሞተም። በ1996 ፓርላማው ወደዚያ ተዛወረ፤ በ2007 ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። በ2016 ፕሬዚዳንት ጆን ማጉፉሊ መንግሥታቸው ጠቅልሎ እንዲዛወር አስታወቁ፤ በ2018ም የዶዶማ ዋና ከተማነት በሕግ ጸደቀ። በ2023 ፕሬዚዳንት ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን በቻምዊኖ የተሠራውን አዲሱን ቤተ መንግሥት መረቁ፤ በ2024 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር ሁለቱን ከተሞች አገናኘ። በ2012 ከ410 ሺህ ጥቂት ከፍ ይል የነበረው የዶዶማ ከተማ ሕዝብ በ2022 ከ765 ሺህ በላይ ሆነ።

እንግዲህ ፈተናው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዶዶማ የሚለው ስም በጎጎ ቋንቋ «ሰመጠ» ከሚል ቃል እንደ መጣ፣ ይህም ውሃ ሊጠጣ ወርዶ ጭቃ ውስጥ የሰመጠ ዝሆንን እንደሚያስታውስ ይነገራል። ዛሬ የከተማው ሕዝብ ከማኩቱፖራ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች በሚመጣ ውሃ ላይ ተመክቶ ይኖራል፤ የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር ግን ዝናቡ አብሮ አይጨምርም። የመሬቱም ነገር እንደዚሁ ነው። የነዋሪዎች የመሬት አቤቱታ ስለ በዛ፣ በ1973 የተቋቋመው የልማት ባለሥልጣን በ2017 እንዲፈርስ ተደርጓል። ለመሐል አገሩ ሕዝብ ጥቅም የሚሠራ ከተማ ያንኑ ሕዝብ ከእርሻው ቢያፈናቅል የተነሣበትን ዓላማ ይስታል።

በእኔ አስተያየት የታንዛኒያ ውሳኔ ትክክለኛ ነበር፤ ስሕተቱ የውሃና የመኖሪያ ቤት ዝግጅት ሳይጠናቀቅ የ10 ዓመት ቀጠሮ መያዙ ነው። ወደ ፊት መቀመጫውን ለማዛወር የሚያስብ መንግሥት ሁሉ አስቀድሞ ጉድጓዱን ይቆፍር፤ ትምህርት ቤቱን ይክፈት፤ ባለመሬቱንም በተገቢው ካሣ ያስተናግድ። የአዲሱ ከተማ ዋጋ የሚመዘነው በሕንጻው ቁመት ሳይሆን፣ ቀድሞ በዚያ ምድር ይኖር የነበረው ገበሬ ከልጆቹ ጋር ከከተማው በሚያገኘው ጥቅም ነው።