ተነበበ፤ ነገሩስ?

በመቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ውስጥ ከትምህርት ቤት መልስ በየግቢው ደጃፍ ተቀምጠው ጮክ ብለው የሚያነቡ ልጆችን ማየት የተለመደ ነው። ትምህርት ቤቶች በኮቪድና በጦርነት ከተዘጉባቸው ዓመታት ዝምታ በኋላ ይህን ድምፅ መስማት በራሱ ያስደስታል። ሰሞኑን ከአንድ ጎረቤቴ ልጅ ጎን ተቀምጬ የአማርኛ መጽሐፉን ሲያነብ አዳመጥኩት። 5ኛ ክፍል ነው። ፊደል አይስትም፤ አራት ነጥብ ላይ ሲደርስ ያርፋል፤ ድምፁም ለጆሮ ይጥማል። እናቱ ቡና እያፈሉ በኩራት ይመለከቱታል። አንብቦ ሲጨርስ «ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኩት። እንደገና ሊያነብልኝ ጣቱን ወደ መጀመሪያው መስመር መለሰ። «አይ፣ መጽሐፉን ክደነውና በራስህ አባባል ንገረኝ፤ በትግርኛም ይሁን» ስለው አቀርቅሮ ዝም አለ።

ከምንባቡ ሥር ያሉትን ጥያቄዎች ግን አንድም ሳይስት መልሶ ነበር። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሁሉንም ራይት አድርገውለታል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት አንድ ዓረፍተ ነገር ልጻፍ። «ጉርሜው ዝንጓ በማለዳ ወደ ብርጣን ተሸነገፈ።» ዝንጓው ወዴት ተሸነገፈ? ወደ ብርጣን። መቼ? በማለዳ። ምን ዓይነት ዝንጓ ነው? ጉርሜ። ሦስቱንም የመለሰ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ነገር ግን ዝንጓም፣ ብርጣንም፣ መሸንገፍም በአማርኛ የሉም፤ እኔ አሁን የፈጠርኳቸው ናቸው። ልጁ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ምንባቡ ውስጥ ይፈልገዋል፣ ያገኘዋል፣ አጠገቡ ያለውን ይገለብጣል። ብልሃቱ እንደሚሠራ ያስተማርነው እኛ ነን፤ ምክንያቱም የምንጠይቀው በዚህ መንገድ የሚመለሰውን ነው።

የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በ2002 ዓ.ም. ትግርኛንና አማርኛን ጨምሮ በ6 ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከታሪኩ የወጣ አንድ ጥያቄ እንኳ መመለስ ያልቻሉት ደግሞ 48 በመቶ ነበሩ። ብዙዎቻችን የምንደነግጠው በመጀመሪያው ቁጥር ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በዚህ ልዩነት ውስጥ ያሉት ልጆች ቃል አንብበዋል፤ ያነበቡት ግን ምንም አልነገራቸውም። ማንበብ ያልቻለውን መምህሩም ወላጁም ቶሎ ያውቁታል። አንብቦ ያልገባውን ግን «ጎበዝ አንባቢ» ብለን እያጨበጨብን እናሳልፈዋለን።

የዚህ ልማድ ሥር ሩቅ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ሕፃኑ ከፊደል ገበታ ይጀምርና በአቡጊዳ፣ በመልእክተ ዮሐንስ አልፎ ዳዊት ይደግማል። የሚያነበው በግዕዝ ነው፤ አፉን የፈታበት ቋንቋ አይደለም። ተነሹን ከወዳቂው ለይቶ፣ ቃሉን ሳያጎድል ካነበበ ንባቡን አወቀ ይባላል። ትርጉሙ ይቆየዋል። ይህን ጠቅሰው የአገራችንን የትምህርት ችግር ሁሉ በየኔታ ላይ የሚያላክኩ አሉ፤ አልስማማም። የጥንቱ ትምህርት ንባብ ላይ አልቆመም። ተማሪው ቅኔ ቤት ሲገባ ግስ ይወርዳል፣ ርባ ቅምር ይማራል፤ አንድን ግስ ይዞ ከእርሱ የሚወጡትን ቃላት ሁሉ ያረባል፤ ያልሰማው ቃል ቢገጥመው ከየትኛው ግስ እንደወጣ ይፈልጋል። ትርጓሜ ቤት ሲደርስ ደግሞ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል ይዘው አንድ ፍቺ ይሰጣሉ፤ ከዚያም «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ አሁንም «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያመጣሉ። እኛ ወደ ዘመናዊው ክፍል ይዘን የገባነው የመጀመሪያውን ደረጃ ዜማ ብቻ ነው። ግሱንና አንድምታውን እዚያው ትተናቸው መጣን።

አቡጊዳ እንኳ የተዘጋጀው በምክንያት ነው። ሀ ሁ ሂ ሃን በቃሉ የሸመደደ ልጅ ፊደሉን ሳያይ ሊወርደው ይችላል። ቅደም ተከተሉ ሲፈርስ፣ አ ቡ ጊ ዳ ሲባል ግን የግድ ፊደሉን ማየት አለበት። ዛሬም 1ኛ ክፍል ላይ በዜማ የሚያወርዱ ልጆች ከመሐል አንዱን ፊደል ስንነካባቸው ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥተው በሹክሹክታ እየቆጠሩ ሲደርሱበት አያለሁ። በዚህ ፍጥነት የሚያነብ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ስለዚህ ፊደልን ያለ ቅደም ተከተል፣ በቃል ውስጥ፣ እስኪፈጥን ማለማመድ የማይዘለል ሥራ ነው። ማስተዋል ያለ እርሱ አይመጣም፤ ብቻውን ግን ማስተዋልን አያመጣም።

አጻጻፋችን ራሱ ማስተዋልን ያስገድዳል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ዋና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ ከተማን ይገልጻል፣ ሲላላ ወንዝ ውስጥ ያስገባል። የቱ እንደሆነ የሚነግረን ዓረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ አማርኛም ሆነ ትግርኛ አንባቢ ያልገባውን ሁልጊዜ በትክክል ማንበብ እንኳ አይችልም። ልጅ ሲያጠብቅና ሲያላላ ከሳተ ወዲያው ከማረም ይልቅ «እንዲህ ብለህ ስታነበው ትርጉም ይሰጣል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ምንባብ ልመለስ። ያሰናከለው ቃል «ተመራማሪዎች» ነበር። አንብቦታል፤ አልገባውም። መዝገበ ቃላት ቤት ውስጥ የለም፤ በብዙ ቤት የለም። ቃሉን ወረቀት ላይ ጻፍኩና ከመጨረሻው «ዎች»ን በእጄ ሸፈንኩ፤ ብዙ ሰዎች ማለት እንደሆነ እርሱ ራሱ ነገረኝ። ከመጀመሪያው «ተ»ን ሸፈንኩ። የቀረውን ሲያይ ቆየና «ምርመራ?» አለ። እናቱ ዓይደር ሆስፒታል የደም ምርመራ ሲያደርጉ አብሯቸው ሄዶ ያውቃል። ቃሉ በትግርኛም ያው ነው። «ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን ያደርጋሉ?» ስለው «ደም ያያሉ» አለኝ። የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር አስነበብኩት፤ የሚናገረው ስለ አፈር ነበር። ፊቱ ፈካ፤ «አፈሩን ያያሉ! ምን እንዳለበት ይፈልጋሉ» አለ። ቃሉን ከፈለፈለ፣ ሥሩን አገኘ፣ ገመተ፣ ግምቱን በቀጣዩ ዓረፍተ ነገር አረመ። ዓመታት የሚፈጀው የቅኔ ቤት ሥራ ታናሽ ወንድም ይህ ነው።

በመቐለ ላሉ ልጆች ደግሞ ሌላ ሀብት አለ። ትግርኛ አፋቸውን የፈቱበት፣ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮም የሚማሩበት ቋንቋ ነው፤ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ይማሩታል። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፣ ብዙ ሥርም ይጋራሉ። ትግርኛ ጸገበ ሲል አማርኛ ጠገበ ይላል። ጸበበ ጠበበ ነው። ሓጸበ አጠበ፣ ሓጸረ አጠረ። ሦስት አራቱን ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ብትጽፉላቸው ልጆቹ ጸ ወደ ጠ እንደሚሄድ፣ የጉሮሮዋ ሓ አማርኛ ላይ ስትደርስ እንደምትጠፋ ማንም ሳይነግራቸው ያገኙታል፤ ካገኙት በኋላም የማያውቁት የአማርኛ ቃል ሲገጥማቸው ወደ ቤታቸው ቋንቋ ሄደው ዘመዱን ይፈልጋሉ። ሁልጊዜ አይሳካም፤ በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ መስለው የሚለያዩ ቃላትም አሉና ግምቱ በዓረፍተ ነገሩ መፈተን አለበት። እኔን የሚቆጨኝ ግን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ትግርኛ የተናገረ ልጅ «በአማርኛ ተናገር!» ተብሎ መቆጣቱ ነው። በእጁ ያለውን ቁልፍ አስጥለነው በሩን ክፈት እንለዋለን።

ቃሉ ሁሉ ቢታወቅም ነገሩ የማይታወቅ ከሆነ ምንባብ አይገባም። በ1988 እ.ኤ.አ. ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጥተው ነበር። በንባብ ፈተና ደካማ ቢባሉም ጨዋታውን የሚያውቁት፣ ጎበዝ አንባቢ ተብለው ጨዋታውን ከማያውቁት የበለጠ ተረዱት። ለዓዲ ሓቂ ልጅ ስለ ጨው ንግድ የሚናገር ምንባብ ስጡት፤ አያቱ ስለ አርሆ ነጋዴ ያወሩትን፣ ከአፋር በግመል ተጭኖ ስለሚመጣው አሞሌ የሰማውን ይዞ ይገባበታል። ስለ ምድር ውስጥ ባቡር የሚናገረውን ስጡት፣ ቃላቱን እንደ ዝንጓና ብርጣን ይገለብጣቸዋል። ይህ ማለት ልጁ ስለ ባቡር አያንብብ ማለት አይደለም። ከማንበቡ በፊት መምህሩ ለ5 ደቂቃ ስለ ባቡር ያውሩለት፣ ሥዕል ካለ ያሳዩት ማለት ነው።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩለው በምክንያት ነው። በትግራይ ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 በኮቪድ ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተነሣ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞም አብዛኛው ልጅ ወደ ክፍል የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ፊደል መቁጠሪያ ዓመታቸው ያመለጣቸው ልጆች ዛሬ በዕድሜያቸው ገፍተው በክፍል አንሰው ተቀምጠዋል። ጊዜ ለማካካስ ስንቸኩል የምንዘለው «ገባህ ወይ?» የሚለውን ነው፤ ምዕራፉ ይሸፈናል፣ ልጁ ይቀራል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። በአፍ መፍቻው ጽሑፍን መጠየቅ ያልለመደ ልጅ በሦስተኛ ቋንቋ ሊጠይቅ አይችልም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን አገር አቀፍ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ስለ ኩረጃ ብዙ ተባለ፤ ስለ ንባብ የተባለው ግን ጥቂት ነው።

ያነጋገርኳት አንዲት መምህርት «60 ተማሪ ይዤ የእያንዳንዱን ማስተዋል እንዴት ልይ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። መልሱም ከራሷ ክፍል ወጣ። ተማሪዎቿን ሁለት ሁለት አድርጋ ታቀምጣለች። አንዱ አንድ አንቀጽ ያነባል፤ ሌላው መጽሐፉን ከድኖ የሰማውን በፈለገው ቋንቋ ይናገራል፤ ያልገባቸውን ቃል አስምረው ይገምታሉ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይተነብያሉ፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። በ1984 እ.ኤ.አ. አንማሪ ፓሊንሳርና አን ብራውን ተማሪዎች ተራ በተራ መምህር እየሆኑ እንዲተነብዩ፣ እንዲጠይቁ፣ ያልገባቸውን እንዲያጠሩና እንዲያሳጥሩ አድርገው ያገኙት ውጤት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ እርሷ ግን የደረሰችበት በችግር ነው። መጽሐፉ ለሁለት አንድ ነውና። እርሷ የፈራችው ጫጫታውን ነው። 30 ልጆች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ክፍሉ ይናጋል፤ ሱፐርቫይዘር ቢመጣ ሥርዓት የሌለው ክፍል ብሎ ይጽፋል ትላለች። የመቐለ ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የየትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህራን በዚህ የትምህርት ዓመት የክፍል ምልከታ ቅጻቸውን ሲያዘጋጁ አንድ መስመር እንዲጨምሩበት እለምናለሁ፦ ታዛቢው አንድ ልጅ መርጦ መጽሐፉን አስከድኖ «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱንም በልጁ አባባል ይጻፍ።