ጀልባዋን ለካሜራ ብሎ መቀየር

የአንድ ዓይነት ጀልባ ውድድር ውሉ ግልጽ ነው። ሁሉም እኩል ሸራ፣ እኩል ምሰሶ፣ እኩል ክብደት ይዞ ውኃ ላይ ይወጣል፤ የሚበላለጠው ነፋሱን በማወቅና በእጅ ብልሃት ብቻ ነው። ይህን አምኖ ጥሪቱን አሟጦ ጀልባ የገዛ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ «ጀልባህ ጊዜው አልፎበታል» ሊባል አይገባም። ናክራ 17 በተባለችው የኦሎምፒክ ካታማራን ላይ የሆነው ግን ይኸው ነው።

ናክራ 17 አንድ ሴትና አንድ ወንድ አጣምራ እንድታወዳድር እ.ኤ.አ. በ2012 ተመርጣ፣ በ2016 ሪዮ ላይ ቀረበች። አርጀንቲናውያኑ ሳንቲያጎ ላንጌና ሴሲሊያ ካራንሳ በ77 ነጥብ ወርቁን ሲወስዱ አውስትራሊያና ኦስትሪያ እኩል 78 ነበራቸው። በዚህ ውድድር የሚሸነፈው ነጥብ የበዛበት ነው፤ ወርቁን ከሌሎቹ ሁለት ሜዳሊያዎች የለየው እንግዲህ አንዲት ነጥብ ናት። ላንጌ 54 ዓመቱ ነበር፤ በዋዜማው ዓመት በካንሰር ምክንያት የሳንባው ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጥቶለታል። ዕድሜና ልምድ ከወጣት ጉልበት ጋር እንዲህ ትከሻ ለትከሻ የሚታገልበት ስፖርት ስንት አለ? ከዚህ በላይ ምን ይፈለግ ነበር?

የተፈለገው ለቴሌቪዥን የሚያምር በረራ ነበር። በ2017 የጀልባዋ የውኃ ውስጥ ክንፎች ተቀይረው ሙሉ አካሏ ከውኃ በላይ ተነሥቶ እንዲሄድ ተደረገ። ባለጀልባው ወይ ማስለወጥ፣ ወይ አዲስ መግዛት ግድ ሆነበት። በዚያው ዓመት አንድ አሜሪካዊ ተወዳዳሪ በልምምድ ላይ ተገልብጦ የጣቶቹን ጫፍ አጣ። ከቶኪዮ ኦሎምፒክ በኋላም ለውጡ አልቆመም፤ የጀልባዋ መቅዘፊያ መሪዎች ማስተካከያ እንደገና ተቀየረ።

የለውጡ ደጋፊዎች የአሜሪካ ዋንጫን ይጠቅሳሉ፤ እዚያ ጀልባዎቹ በ2013 በረዋል። ጥቅሱ ቦታውን ስቷል። የአሜሪካ ዋንጫ የመሐንዲስና የባለሀብት ፉክክር ጭምር ነው፤ ፈጣን ጀልባ የሠራ ማሸነፉ የጨዋታው ሕግ ነው። አንድ ዓይነት ጀልባ የተፈጠረው ግን ይህን ፉክክር ከውድድሩ ለማስወጣት ነው። ወጣቶች በረራ ይወዳሉ የሚለውን እቀበላለሁ። ታዲያ የሚበር ጀልባ በሌላ ስም፣ በሌላ ምድብ ይሠራላቸው።

ለውጥ ሁሉ ይቅር ማለቴ አይደለም። ሆቢ 16 የተባለችው ካታማራን አሉሚኒየም ምሰሶ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር እየተነካካ ሰው ስለገደለ፣ ጫፉ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፋይበርግላስ እንዲተካ ተደርጓል። ሰው እንዳይሞት የተደረገ ነው፤ ማንም ሊቃወመው አይገባም። ይህንና ለቴሌቪዥን ሲባል የተጨመረን ፍጥነት በአንድ «ዕድገት» በሚል ስም መጥራት ግን ባለጀልባውን ማታለል ነው።

ለደኅንነት ያልሆነ ማንኛውም የመሣሪያ ለውጥ ጀልባውን በራሳቸው ገንዘብ የገዙት ድምፅ ይሰጡበት። በውድድሩ ቦታ ጀልባ የሚዘጋጅላቸው ወይም ፌዴሬሽን የሚገዛላቸው ሳይሆኑ፣ ዕዳውን የሚከፍሉት።