«የት ነው ያለሽው?»

ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። የደወለችው እዚሁ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት፤ ቁጥሬን ከጓደኛዋ ነው ያገኘችው። ሆዷን ክፉኛ ቆርጧታል፣ አሠሪዎቿ ለጉዞ ወጥተዋል፣ ቤት ውስጥ ያለችው ብቻዋን ነው። «አምቡላንስ ልጥራልሽ፣ የት ነው ያለሽው?» አልኳት። «ማዳም ቤት» አለችኝ። የሰፈሩን ስም ጠየቅኋት፣ አታውቀውም። የመንገዱንም የቤቱንም ቁጥር አታውቅም። በመስኮት መስጊድ ይታየኛል አለች። ዱባይ ውስጥ መስጊድ የማይታይበት መስኮት ስንት ነው? በመጨረሻ ያለችበትን ቦታ በስልኳ እንድትልክልኝ እያለቀሰች አሳየኋትና ወደ 998 ደወልኩ። ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በዚያ ቤት የኖረችው ግን አራት ዓመት ነበር።

«ይኼ የእናንተ ሽርሽር ምን ይፈይዳል?» በተባልኩ ቁጥር ያቺ ሌሊት ትመጣብኛለች።

እኛ ዐሥራ አንድ ሴቶች ነን። በወር አንድ እሑድ እንገናኝና አንድ ሰፈር መርጠን፣ ስለ ሰፈሩ ታሪክ እየተጨዋወትን እንዞራለን። ማኅበር ነን አንልም፤ ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ እዚህ አገር በሕግ ያስጠይቃልና እያንዳንዷ የራሷን ትራንስፖርት ትከፍላለች፣ ምሳውም ከየቤቱ ተቋጥሮ ይመጣል። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ዐረብኛ ነው፣ እንጀራዬም ትርጉም ነው፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን አነባለሁ፣ የአገሬው ሽማግሌ ስናገኝ እጠይቃለሁ፣ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አለቃችን ግን እትዬ ናት፤ የደሴ ሴት፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት በምግብ ማብሰል የኖረች። ማን እንደ ዘገየች፣ ማን ውኃ እንዳልያዘች የምትቆጣጠረው እሷ ናት።

መጀመሪያ የሄድነው ፋሂዲ ነው፣ ቡር ዱባይ ውስጥ ያለው አሮጌው ሰፈር። የድሮ ስሙ በስተኪያ ይባላል። ጠባብ መተላለፊያዎች፣ ከባሕር ድንጋይና ከኖራ የተሠሩ ወፍራም ግድግዳዎች፣ በየጣሪያው ላይ ደግሞ በርጂል የሚሉት የንፋስ ማማ። መብራት ባልነበረበት ዘመን ማማው ከላይ የሚነፍሰውን አየር ይዞ ወደ ክፍሉ ያወርድ ነበር፤ ኤሲው ያ ነው። ልጆቹ ፎቶ ሲነሡ እኔ ስለ ስሙ ነገርኳቸው። በስተክ ዛሬ ኢራን በሚባለው አገር ደቡብ ያለ ከተማ ነው። የዚያ ነጋዴዎች የወደብ ግብር ሲከብድባቸው፣ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ባሕር ተሻግረው ዱባይ ገቡ፤ የሠፈሩበትንም ቦታ በአገራቸው ስም ጠሩት። አንዷ፣ ከጅማ የመጣች ልጅ፣ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ «እንግዲያው እነሱም ስደተኛ ነበሩ» አለች። አዎ። ዛሬ ቱሪስት የሚጎበኘውን ሰፈር የሠሩት ስደተኞች ናቸው። ገንዘብ የያዘ ስደተኛ ከእኛ ይለያል፣ እሱን አልክድም። ቢሆንም ልጅቱ ከዚያ በኋላ ግድግዳውን በእጇ እየነካች ነው የሄደችው።

ከዚያ በዐብራ ተሻገርን። ዐብራ ኸውሩን፣ ማለትም ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን የባሕር ሰርጥ፣ የሚያሻግረው የእንጨት ጀልባ ነው፤ ዋጋው አንድ ዲርሃም። ለአንድ ዲርሃም እንዲህ ያለ ደስታ የትም አይገኝም። ዱባይ ስድስት ዓመት ኖራ ባሕሩን ከመኪና መስኮት ብቻ ያየች ሴት ከእኛ መሃል ነበረች።

በጀልባው ላይ ስለ ሉል ጠላቂዎች አወራን። ሉል ስንል የዐረቡን «ሉእሉእ» እንደምንጠራ ታውቁ ይሆን? «ሱቅ»ም፣ «ባሕር»ም እንደዚያው ከእነሱ ጋር የምንጋራው ቃል ነው። ነዳጅ ሳይገኝ በፊት ይህ አገር ይኖር የነበረው በሉል ነው። ወንዶቹ በበጋው ሙቀት ለአራት ወር ያህል ባሕር ላይ ይወጣሉ፣ ቤቱን ይዘው የሚቆዩት ሴቶቹ ናቸው። ጠላቂው ከመውጣቱ በፊት ለቤተሰቡ ቀለብ የሚሆን ብድር ከጀልባው አለቃ ይወስዳል። ዓመቱ ካልቀናው ዕዳው ይተላለፋል፤ ከሞተም ለልጁ። ይህን ስተረጉም ሁሉም ዝም አሉ። ለደላላ መሬት ተሸጦ፣ በሬ ተሸጦ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዕዳ የሠራች ሴት ይህን ታሪክ ማን ያስረዳት? እኔ ራሴ ያን ያህል አልገባኝም ነበር። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ጃፓኖች በሰው እጅ የሚያሳድጉት ሉል ገበያውን ሲሞላው፣ የዓለም ኢኮኖሚም ሲወድቅ፣ ያ ሥራ ተንኮታኮተ። ይህን ሰፈርና ይህን ሕዝብ ረሃብ ያውቀዋል።

አንዷ «የእኛ ሰዎችስ ያኔ እዚህ ነበሩ?» ብላ ጠየቀች። መመለሱ ከበደኝ። ነበሩ። ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከሐበሻም ምድር ጭምር፣ በባርነት ተሽጠው የመጡ፣ በሉል ጀልባ ላይ የጠለቁ፣ በየቤቱ ያገለገሉ ሰዎች ነበሩ። የባሕረ ሰላጤው ሰዎችም ይህን መናገር ጀምረዋል፤ ዶሃ ውስጥ ቢን ጀልሙድ የሚባለው ቤት የባርነትን ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም ሆኖ ከ2015 ጀምሮ ተከፍቷል። ጠያቂዋ አለቀሰች። ለሽርሽር ወጥተን ማስለቀሴ ልክ ነበር ወይ ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። አሁንም ነበር እላለሁ። ጣፋጭ ጣፋጩን ብቻ መተርጎም ሥራዬ አይደለም።

የሚቃወሙን ብዙዎች ናቸው፣ በተለይ ከራሳችን ወገን። «ለሽርሽር ነው የመጣሽው? በዕረፍትሽ ቀን ሌላ ቤት ብታጸጂ ለእናትሽ ትልኪላት ነበር» ይላሉ። የእናትን ነገር ማን ይረሳል? ግን ለሌላ ቤት መሥራት በራሱ ሕግ የሚያስጥስ ጣጣ ሊያመጣባት ይችላል። ደግሞም ሰባቱንም ቀን የሠራ ገላ ምን እንደሚሆን ሐኪም ቤት ሳስተረጉም በዓይኔ አይቻለሁ። የኢማራቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2022ቱ ቁጥር 9፣ በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዙ ዕረፍት ይሰጥሻል፤ በዚያ ቀን ብትሠሪ ምትክ ቀን ወይም ክፍያ አለሽ። በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ቢያንስ 8ቱ ሳይቆራረጥ። ፓስፖርትሽም በእጅሽ መሆን አለበት። ኩዌትም በ2015 ሕጓ ሳምንታዊ ዕረፍት ደንግጋለች። ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ በየቤቱ አለ ማለቴ አይደለም፤ ከእኛ ዐሥራ አንዱ ሦስቱ በየወሩ መውጣት አይችሉም። ለእነሱ ያየነውን በድምፅ ቀርጸን እንልካለን፣ ማታ ዕቃ ሲያጥቡ ይሰሙታል።

አሠሪዎች ይፈራሉ፤ ወጥታ ትጠፋለች ይላሉ። ፍርሃቱ ከባዶ አልተነሣም፣ ግን መድኃኒቱ በር መቆለፍ አይደለም። እትዬ ባለፈው ወር ያደረገችውን ልንገራችሁ። ቡና እያፈላች ለማዳሟ «በስተኪያ ሄድን፣ ስለ ጠላቂዎች ሰማን» አለቻት፣ በዚያች በኩሽና ዐረብኛዋ። ማዳም ስልኳን አስቀመጠች። አያቷ ጠላቂ ነበሩ፤ ጆሯቸው ከባሕሩ ጥልቀት የተነሣ ደንቁሮ ነው የሞቱት። አያቷ ሴቲቱ ደግሞ ጀልባዎቹ የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ ባሕር ዳር ወርደው እንዴት ይጠብቁ እንደነበር፣ ኩሽና ቆማ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራቻት። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲኖሩ ስለ ሩዝና ስለ ልጆች ብቻ ነበር የሚነጋገሩት። ማዳም በማግስቱ «ቀጥሎ የት ነው የምትሄዱት?» ብላ ጠየቀቻት።

የምንሄደው ዴራ፣ የወርቅ ገበያው አካባቢ ያለው የሴቶች ሙዚየም ነው። «በይት አልበናት» ይሉታል፤ የልጃገረዶች ቤት። የኢማራት ሐኪምና ምሁር ራፊዓ ጉባሽ በ2012 የከፈቱት ነው፣ ስለዚህ አገር ሴቶች፤ ስለ ገጣሚዋ ዑሻ ቢንት ኸሊፋም እዚያ ታነባላችሁ። በሜትሮ የምትመጣ ግሪን ላይን ትያዝ፣ የሴቶቹ ፉርጎ ውስጥ ግቢ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ቆሻሻ ልትጥዪ ስትወጪ የበሩን ቁጥርና የመንገዱን ስም እዪውና ስልክሽ ላይ ጻፊው። ካልገባሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ እኔ አነብልሻለሁ።