ጥቁሩ አፈር ባዶ አይደለም፦ ከለንደን ሥር የተቀበሩ ክፍለ ዘመናት

በለንደን ጥንታዊ ማዕከል ለአዲስ ሕንጻ መሠረት ሲቆፈር፣ ከሮማውያን ዘመን ፍርስራሽ በላይና ከኋለኛው መካከለኛ ዘመን ቤቶች ወለል በታች አንድ ጠቆር ያለ የአፈር ንጣፍ ደጋግሞ ይገኛል። ውፍረቱ በአንዳንድ ስፍራ አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከሰል፣ የእንስሳት አጥንት፣ ዛጎልና የሸክላ ስባሪ በውስጡ ተበታትነዋል፤ ግድግዳ ወይም ወለል ግን ለዓይን አይታይም። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች «ጥቁር አፈር» የሚሉት ይህ ንጣፍ ለረጅም ጊዜ የባዶነት ምስክር ተደርጎ ተቆጥሯል። የቁፋሮ ሳይንስ ሊማርበት ከሚገባው ሁሉ ከባዱ ትምህርት ይህ ነው፦ አለመታየት አለመኖር አይደለም።

የቀደመው ግምት የራሱ ምክንያት ነበረው። የሮማ አስተዳደር በአምስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከብሪታንያ ሲወገድ፣ በግንብ የታጠረችው ለንደን የከተማ ሕይወቷ ተቋረጠ። የቀደሙት ቆፋሪዎች የሚፈልጉት የሮማውያንን የድንጋይ ግድግዳና በሞዛይክ ያጌጠ ወለል ነበር። ወደዚያ ለመድረስ ጥቁሩን አፈር በአካፋ እየዛቁ ጣሉት። ከዚያም «በዚያ ዘመን የሰው አሻራ አልተገኘም» ተባለ። አሻራው ግን ከተጣለው አፈር ጋር አብሮ ሄዷል።

የመጀመሪያው እርማት የመጣው ከግንቡ ውጭ ነው። እንግሊዛዊው መነኩሴ ቢድ እ.ኤ.አ. በ731 ገደማ ባጠናቀቀው የታሪክ መጽሐፉ ለንደንን ብዙ ሕዝቦች በየብስና በባሕር የሚመጡባት የገበያ ከተማ አድርጎ ገልጿታል። ይሁንና ቆፋሪዎች ያችን ከተማ በግንቡ ውስጥ ፈልገው አጧት። እ.ኤ.አ. በ1984 ማርቲን ቢድልና አላን ቪንስ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ከተማዋ ከግንቡ በስተ ምዕራብ፣ ዛሬ ስትራንድና ኮቨንት ጋርደን በሚባሉት ሰፈሮች እንደነበረች አስረዱ። በቀጣዩ ዓመት በኮቨንት ጋርደን የተካሄደ ቁፋሮ ሐሳባቸውን አጸና። በ1990ዎቹ ደግሞ በንጉሣዊው ኦፔራ ቤት ግቢ መንገድ፣ የእንጨት ቤቶች፣ የቆሻሻ ጉድጓዶችና የዕደ ጥበብ ሥራ ቅሪቶች ተገኙ። ከተማዋ ሉንደንዊክ ትባል ነበር። በዚያው አካባቢ የሚገኘው ኦልድዊች የተሰኘ የቦታ ስም ትርጉሙ «አሮጌው የንግድ ሰፈር» ነው። ስሙ ለዘመናት በሰው አፍ ሲጠራ ኖሯል፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም።

ሁለተኛው እርማት ከራሱ ከአፈሩ መጣ። ሪቻርድ ማክፌልን የመሳሰሉ የአፈር ተመራማሪዎች ጥቁሩን አፈር በአካፋ ከመዛቅ ይልቅ አቀማመጡን ሳያፈርሱ በትንሽ በትንሹ ቆርጠው ያወጡታል። ቁራጩን በሙጫ አጠንክረው፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ወደ 0.03 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይፍቁትና በማይክሮስኮፕ ይመረምሩታል። በዚህ ዘዴ ሲታይ ወጥ የሚመስለው አፈር ብዙ ነገር ሆኖ ይገኛል፦ የፈረሰ የጭቃ ግድግዳ ፍርፋሪ፣ የምድጃ አመድ፣ የከብት እበት፣ ከሣርና ከእህል ግንድ የቀሩ ረቂቅ የሲሊካ ቅንጣቶች። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ቤቶች ፈርሰው፣ ቆሻሻ ተደፍቶባቸው፣ በስፍራ ስፍራው ታርሰው፣ የምድር ትልና የዕፅዋት ሥር ለዘመናት ሲያገላብጣቸው ድንበራቸው ጠፍቷል። በአንዳንድ ቦታ ይህ ሂደት የጀመረው ሮማውያን ገና ከተማዋን ሳይለቁ ነው።

ይህን ለመረዳት ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አመድና ፍግ ሲደፋበት የኖረ የጓሮ መሬት ከሩቁ ማሳ ይልቅ ጠቁሮና ለምቶ እንደሚታይ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ነዋሪው ጥሎት የሄደ የጭቃ ቤትም ጣሪያው ከተነሣ ጥቂት ክረምት ሲዘንብበት ወደ አፈርነት ይመለሳል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ትውልድ ተወልዶ አርጅቷል፤ ድንጋይ ብቻ የሚፈልግ ቆፋሪ ግን «ሰው አልኖረበትም» ብሎ ያልፈዋል።

በእርግጥ ጥቁሩ አፈር ሁሉ አንድ ታሪክ አይናገርም። አንዱ ስፍራ የአትክልት ቦታ፣ ሌላው የከብት በረት፣ ሌላው የቆሻሻ መጣያ ሊሆን ይችላል፤ ጭር ያለ መሬት የነበረም አይጠፋም። በግንቡ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ604 የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ተመሥርቷል፤ ንጉሥ አልፍሬድም በ886 ከተማዋን መልሶ አቋቁሟል። በሁለቱ መካከል ያለፉትን ዓመታት በአንድ ቃል፣ «ባዶ» ብሎም ሆነ «ሕያው» ብሎ፣ መደምደም ያው ቸኩሎ መፍረድ ነው። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ስፍራ ለብቻው መመርመር ነው። ይህም ከለንደን አልፎ ተመሳሳይ አፈር ለተገኘባቸው ለዊንቸስተር፣ ለካንተርበሪና ለዉስተር ይሠራል።

ተቃውሞው የታወቀ ነው፦ ምርመራው ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፤ ከተማ ደግሞ ማደግ አለበት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው የዕቅድ መመሪያ፣ ሕንጻ የሚያቆመው ወገን ግንባታው ለሚያጠፋው ቅርስ ጥናት ወጪውን እንዲሸፍን አቅጣጫ አስይዛለች። መርሁ ፍትሐዊ ነው። ፍትሕነቱ የሚሟላው ግን «ቅርስ» የሚለው ቃል ከግድግዳና ከወርቅ አልፎ አፈሩን ሲጨምር ነው። ስለዚህ የአፈር ናሙና መውሰድ ገንዘብ ሲተርፍ የሚታሰብ ተጨማሪ ሥራ ሊሆን አይገባም፤ ከመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት። የሚወሰደው ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ቁራጭ ነው። ከቀረ ግን የማይመለስ ኪሣራ ነው፤ የፈረሰ ግንብ ሊጠገን ይችል ይሆናል፣ የተዛቀ አፈር ግን ቅደም ተከተሉን አያስመልስም።

ያን ዘመን «የጨለማ ዘመን» ብሎ መጥራት ቀላል ነበር። በዚያ ዘመን የኖሩት ሰዎች ግን ምድጃ አንድደዋል፣ ከብት አስረዋል፣ ማሳ አርሰዋል፤ ድንጋይ ላይ ስላልጻፉ ብቻ ከታሪክ ሊሰረዙ አይገባም። የእነርሱ መዝገብ አፈሩ ነው፤ መዝገብ ደግሞ የሚነበበው ሳይጣል ነው።