አርባ በመቶ እና የወሎ ጽድ

የችግኝ ተከላ ወሬ በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣው ያረጀ ቁጥር በዚህም ሳምንት ተመልሶ መጥቷል፤ ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው ደን ነበር፣ በወሎ ያሉት የኩታበርና የመካነ ሰላም ተራሮችም እስከ ቅርብ ዘመን ጽድ ለብሰው ነበር የሚለው ማለት ነው። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ቁጥሩ በልኬት ላይ እንዳልቆመ ካሳዩ ሩብ ምዕት ዓመት ቢያልፍም ቁጥሩ ጡረታ አልወጣም።

ከቁጥሩ ይልቅ ስለ ጽዱ መናገር ይገባል። የሐበሻ ጽድ እስከ 40 ሜትር የሚደርስ፣ ወንዴውና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ በየራሳቸው ግንድ የሚቆሙ፣ ምስጥ የማይደፍረው ዛፍ ሲሆን፣ ከዐረብ ልሳነ ምድር ተራሮች እስከ ዚምባብዌ ይዘልቃል፤ ከምድር ወገብ በስተደቡብ በተፈጥሮው የሚበቅል የጽድ ወገንም እርሱ ብቻ ነው።

ከኩታበር በስተምሥራቅ፣ በሐይቅና በአርድቦ ሐይቆች ወለል የተከማቸውን ደለል የመረመሩ አጥኚዎች፣ በየዘመኑ ከዛፎች ረግፎ በጭቃው ውስጥ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ በመለየት ያገኙት ታሪክ ከአርባ በመቶው ተረት እጅግ ይልቃል። የዝግባውና የጽዱ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ተመንጥሮ፣ ቦታውን ክትክታና ሣር ለ1,800 ዓመታት ያህል ከያዙት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጽዱ ከወይራ ጋር ተመልሶ ተስፋፍቷል፤ ኋላም እንደገና ተመንጥሯል። እንግዲህ የወሎ ደን አንድ ጊዜ ኖሮ አንድ ጊዜ የጠፋ ሳይሆን ሲሄድና ሲመለስ የኖረ ነው፤ ለመመለሱም የተከላ ዘመቻ አላስፈለገውም።

የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚም በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ይዘው ወደዚያው ቦታ ሲመለሱ፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ ያለው ዛፍ ከቀድሞው በዝቶ አግኝተውታል። የበዛው ግን በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ያጥቁሩ።

ገበሬው ባሕር ዛፍን የመረጠው የራሱ ስለሆነ ነው። በደርግ ዘመን በወሎ ኮረብቶች ላይ ሕዝቡ በእህል ክፍያ እየሠራ የተተከለው የማኅበርና የመንግሥት ደን፣ ሥርዓቱ ሲወድቅ በብዙ ስፍራ በመጥረቢያ የተስተናገደው ባለቤት ስላልነበረው ነው፤ ዛፍ ጠል ሕዝብ ስላለ አይደለም። በአንጻሩ በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ጽድ የቆመው፣ ደብሩ የሚያጥረው፣ የሚጠብቀውና ከብት የሚያስወጣለት ሰው ስላለው ነው፤ በመካነ ሰላም በኩል ያለው የደንቆሮ ጫካም፣ ከታች ጽድና ወይራ፣ ከላይ አስታና ጅባራ ይዞ የቀረው በመጠበቁ እንጂ በመተከሉ አይደለም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ደግሞ ጽድን ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር በመንግሥትና በክልል ደኖች ውስጥ እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች መድቦት ነበር፤ ሐሳቡ መልካም ቢሆንም፣ ለመቁረጡ ፈቃድ መለመን እንዳይመጣበት የሚሠጋ ገበሬ በማሳው ዳር የበቀለችን የጽድ ቡቃያ ገና በለጋነቷ ቢነቅላት አይደንቅም። ባሕር ዛፉን ነቅለህ ጽድ ትከል የሚለው ባለሙያም፣ ጽዱ እስኪደርስ ድረስ ያ ገበሬ ለልጁ ጎጆ ማገሩን ከየት እንደሚያመጣ እስካሁን አልነገረውም።