ስለሚሸጥ ቤት

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ቤትን ስለ መሥራት ሳይሆን ለረጅም ዘመን የኖሩበትን ቤት ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ስለሚደረግ ዝግጅት ነው። ለምሳሌ የዳንግላን ከተማ ወስደናል። በዚያ አገር ክረምቱ ብርቱ ነው፤ ብዙውም ቤት በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ ታንጾ በቆርቆሮ የተከደነ ነው። ስለዚህ የሻጩም የገዢውም ችግር ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጐልቶ ይታያል።

ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ጭቃ በጭድ አቡክቶ የተሰነጠቀውን ይመርጋል፤ ኖራ ይቀባል፤ የበሩን ቀለም ያድሳል፤ ግቢውን ያስጠርጋል። ይህ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም፤ እንግዳ የሚገባበት ቤት ንጹሕ ሊሆን ይገባዋልና። ነገር ግን ምርጊት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ግድግዳውን ያጠነክራል፤ ሁለተኛው ምስጥ የበላውን ቋሚ ይሸፍናል። ጭቃው ያው አንድ ጭቃ ነው፤ መራጊውም ያው አንድ ሰው ነው። ልዩነቱን ከሻጩ በቀር የሚያውቀው የለም፤ እስከ ሐምሌ ድረስ ማለታችን ነው።

እንግዲህ ከመመረግ በፊት መመርመር ይቀድማል። ቋሚውን ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በቢላዋ ጫፍ መውጋት ነው፤ ቢላዋው ሳይቸገር ዘልቆ ከገባ እንጨቱ ተበልቷል፤ በላዩ ላይ የሚለጠፈው ጭቃም ከንቱ ድካም ነው። ቀን በፀሓይ ጊዜ በርና መስኮት ዘግቶ ወደ ጣራው ቢመለከቱ፥ ሚስማሩ የላላበትና ቆርቆሮው የተበሳበት ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራል። ከጣራ ጫፍ የሚወርደው ውኃ መሬቱን እየመታ ወደ ግድግዳው ግርጌ የሚረጨው ጭቃ፥ ቤቱን ከእግሩ ጀምሮ ይበላዋል። ይህን ለማዳን አሸንዳ ማስገባትና ውኃው የሚሄድበትን ትንሽ ቦይ መቆፈር ከኖራው ሁሉ ይበልጣል፤ ወጪውም ከባድ አይደለም። ጠግኖ መሸጥ ለማይችል ሰው ደግሞ ጉድለቱን ተናግሮ ዋጋውን መቀነስ ሌላ መንገድ ነው።

ብዙ ሰዎች ጉድለትን መናገር ገበያን ማበላሸት ይመስላቸዋል። እኛ ግን የምንለው ተቃራኒውን ነው፤ ሕጉም ከዚህ አሳብ ጋር ይስማማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ገዢው ውል ሲዋዋል ያወቀውን ጉድለት ምክንያት አድርጎ በኋላ ሻጩን እንዲጠይቅ አይፈቅድለትም። ሻጩ ሆን ብሎ የሸሸገው ጉድለት ግን «ስለ ጉድለቱ ኀላፊ አይደለሁም» የሚል ቃል በውሉ ቢጻፍ እንኳ ከኀላፊነት አያድነውም። ስለዚህ «ይህ ጥግ ክረምት ላይ ያፈሳል፤ ይህ ቋሚ ተበልቷል» ብሎ መናገርና በውሉ ላይ ማስፈር የሻጩ ጋሻ ነው። ቤቱን በጥቅምት፥ ግድግዳው ሲደርቅና መንገዱ ሲቀና ማሳየት ልማድ ሆኗል። ነገር ግን ገዢው በነሐሴ ዝናብ መጥቶ ቢያየው ሻጩ ሊከፋው አይገባም። በነሐሴ አይቶ የገዛ ሰው በመስከረም ለክርክር አይመጣም።

ከግድግዳው ቀጥሎ ወረቀቱ ነው። ሻጭ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ የሚሸጠው ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሀብት ከሆነ ወዲህ፥ በ1987ቱም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑ ተጽፏል። በዚያ በ1967 አዋጅ ተወርሶ የቀበሌ ቤት የሆነውን፥ ተከራዩ ለብዙ ዓመት ቢኖርበትና በገንዘቡ ቢያሳድሰውም፥ ሊሸጠው አይችልም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ፥ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ፥ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደንግጓል። ይህ በገዢው ላይ የሚመጣ ወጪ ስለ ሆነ ዋጋውን ይነካል። ስለዚህ በዋጋ ከመነጋገር በፊት ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የጊዜውን ደንብና ክፍያ መጠየቅ፥ ካርታው በማን ስም እንደ ሆነ፥ ልኩም ከአጥሩ ጋር መስማማቱን ማየት፥ ያልተከፈለ ግብር ካለም መክፈል ይገባል። አጥር በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ወደ ጎረቤት ሲገፋ የኖረ ከሆነ ነገሩ የሚወጣው በዚህ ቀን ነው፤ ጎረቤትን አስቀድሞ ጠርቶ ወሰኑን አብሮ መርገጥ ይሻላል።

ከወረቀቱ ሁሉ የሚከብደው ግን የቤተሰቡ ነገር ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና የሚስት የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ አዝዟል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ነው። ባል በሞተ ጊዜስ? «ቤቱ የልጆቹ ነው» የሚል ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ በጋራ የተፈራ እንደ ሆነ ግማሹ ቀድሞውንም የሚስቲቱ ነው፤ ለውርስ የሚቀርበው የሟቹ ግማሽ ብቻ ነው። ያም ግማሽ ኑዛዜ ከሌለ ለወንዱም ለሴቷም ልጅ በእኩል ይከፈላል። በባል ቤት ያለች ሴት ልጅ ድርሻ የላትም ማለት ከድሮ የተረፈ በደል እንጂ ሕግ አይደለም። ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያውጡ፤ በሩቅ አገር ያለ ወንድም ወይም እኅት ቤቱን ለመሸጥ የሚያስችል ልዩ ውክልና ይላክ። «በስልክ ተስማምቷል» የሚባለው ቃል በማዘጋጃ ቤት ዋጋ የለውም።

እስቲ ልጆቿ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ሥራ ይዘው፥ ራሷ በዳንግላ ብቻዋን የቀረች አንዲት አሮጊት እናት እናስብ። ልጆቹ ቤቱ ይሸጥ ይላሉ፤ አሳባቸውም ክፉ አይደለም። «እማማ ከእኛ ጋር ትኖራለች» ይላሉ። ከማን ጋር? በየትኛው ክፍል? ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀብድ የሚቀበል ቤተሰብ ብዙ ነው። ገንዘቡ በተከፈለ በጥቂት ወራት ውስጥ ለአንዱ ዕዳ፥ ለሌላው መኪና ይሆናል፤ እናቲቱ ግን ሻንጣዋን ይዛ ከልጅ ወደ ልጅ ትዞራለች። በዳንግላ እድር አላት፤ የጽዋ ማኅበር አላት፤ በአዊኛ የምታወጋቸው ጎረቤቶች አሏት፤ ኪዳን የምታደርስበት ደብር በእግሯ ትደርሳለች። እኒህ ሁሉ በቤቱ ዋጋ ውስጥ አይቈጠሩም። ስለዚህ አስቀድሞ ግማሹ የእርሷ መሆኑ ይነገራት፤ ፈቃዷም ልጆቿ በሌሉበት፥ በንስሓ አባቷ ወይም በታመኑ ሽማግሌዎች ፊት ይጠየቅ። እሺ ካለችም ከድርሻዋ እዚያው ሰፈር አነስ ያለች ቤት ሊገዛላት ይቻላል። አልፈልግም ካለች ቤቱ አይሸጥም፤ ነገሩ ያበቃል።

አባታችን አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ቦታ ከኤፍሮን ሲገዛ፥ ኤፍሮን በነጻ ልስጥህ ቢለውም፥ በከተማው በር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት አራት መቶ ሰቅል ብር መዝኖ ከፍሏል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 23 እንደ ተጻፈው እርሻው፥ ዋሻው፥ በዙሪያው ያሉት ዛፎች ሳይቀሩ ተዘርዝረው ጸንተውለታል። የእኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ዛፉን ይረሳል። በግቢው ያለው ባሕር ዛፍ ከሽያጩ በኋላ የሚቈረጠው በማን ነው? ጌሾው፥ የውኃ ጉድጓዱ፥ የጓሮው ማድ ቤት፥ የመብራቱ ቈጣሪስ? ሁሉም በውሉ ይዘርዘር። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው መሥሪያ ቤት ፊት ይደረግ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ስለማይንቀሳቀስ ንብረት የሚደረገውን ውል እንዲህ አዝዟል። በደላላ ቤት በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ለጊዜው ደስ ያሰኛል እንጂ በክርክር ቀን አያቆምም። ቀብድንም በችኮላ መቀበል አይገባም፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ ሻጭ እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ሕጉ ያስገድደዋል። ወንድምና እኅት ሳይስማሙ ቀብድ የተቀበለ ታላቅ ልጅ ይህን ያስብ።

ርክክቡ ሲደርስ የመብራቱንና የውኃውን ሒሳብ ከፍሎ ደረሰኙን ከቍልፉ ጋር መስጠት፥ ከእድሩም ጋር ሒሳብን መዝጋት ነው። ሥዕለ አድኅኖው ከግድግዳ የሚወርደው በመጨረሻ፥ ዕቃው ሁሉ ከወጣ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ለአዲሶቹም ሰዎች የጉድጓዱን ክዳን አንሥቶ ማሳየት፥ ክዳኑም የተበላ እንደ ሆነ በአዲስ ሳንቃ ለውጦ መሄድ ይገባል፤ የሚገቡት ሕፃናት ያሉአቸው ሊሆኑ ይችላሉና።