አሮጌው በርሜል ትናንት ምን ይዞ ነበር?

ጠላ የሚጠመቅበትን ጋን ባለሞያ ሴት እንዲያው በውኃ አለቅልቃ አትጠቀምበትም። በግራዋ ቅጠል ደጋግማ ታጥበዋለች፤ በፀሐይ ታደርቀዋለች፤ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ቀድሞ ላምባ የተቀመጠበት ሸክላ ከሆነ ግን ምንም ቢታጠብ ለጠላ አትመርጠውም። እኛ በውጭ አገር ስለ ጀርም ከተማርነው ትምህርት ብዙው ክፍል በእናቶቻችን ማጀት ያለ ስም ሲሠራበት የኖረ መሆኑን የተገነዘብነው ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ ነው። የሚያስገርመን፥ ይህችው ጥንቁቅ እመቤት ከገበያ የመጣውን አሮጌ የፕላስቲክ በርሜል በአንድ ባልዲ ውኃ አለቅልቃ የልጆቿን መጠጥ የምትሞላበት መሆኑ ነው።

ካራ ለለገዳዲ ግድብ ቅርብ ናት፤ ዳሩ ግን ለግድብ መቅረብ ለቧንቧ ውኃ መቅረብ አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ፥ ይልቁንም ወደ እንጦጦ ተራራ ከፍ ብሎ በተሠራ ሰፈር፥ ውኃ ማጠራቀም የቤት አስተዳደር ግዴታ ነው። አዲስ ሮቶ ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዶ አሮጌ በርሜል ቢገዛ፥ ወይም «ቆራሌው!» እያለ በደጅ ከሚያልፈው ነጋዴ ቢለውጥ፥ እኛ የምንነቅፈው አይደለም። የምንነቅፈው ከመግዛቱ በፊት «ይህ ዕቃ ምን ይዞ ነበር?» ብሎ አለመጠየቁን ነው።

በካራ አንድ መምህር ለተማሪዎቻቸው መጠጥና እጅ መታጠቢያ የሚሆን 200 ሊትር የሚይዝ ሰማያዊ በርሜል ከኪሳቸው ገዝተው አገኘናቸው። ሰውየው ሰነፍ አይደሉም፤ በፈላ ውኃና በኦሞ ሦስት ጊዜ አጥበውታል። ሽታው ጠፋና ውኃ ሞሉበት፤ በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ሲከፍቱ ሽታው ተመልሶ ጠበቃቸው። ወደ እኛ የላኩትም «የትኛው ሳሙና ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ነበር። ሄደን ብናይ የበርሜሉ ወረቀት በቢላዋ ተፍቆ ተነሥቷል። ወረቀቱን የፋቀው ሰው ዕቃውን እያሳመረ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን የፋቀው የዕቃውን የልደት ምስክር ወረቀት ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ፕላስቲክ እንደ ብርጭቆ ድፍን አይደለም። የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት፥ የቀለም ማቅጠኛ፥ የሞተር ዘይትና ይህን የመሳሰለው ሁሉ ወደ በርሜሉ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ሳሙና የሚያጥበው ፊቱን ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ የሰረገው በኋላ ቀስ እያለ ወደ ውኃው ይመለሳል። በረኪናም ቢሆን ጀርምን ይገድላል እንጂ መርዝን አያስወግድም። የሽታ መጥፋት የንጽሕና ማስረጃ ነው ብሎ ማመንም ስሕተት ነው፤ ምንም የማይሸት መርዝ ብዙ ነውና። ስለዚህ አሳባችን ቁርጥ ያለ ነው፤ ምን እንደያዘ ያልታወቀ በርሜል ለመጠጥም ለምግብም አይሁን።

ምን እንደያዘ የታወቀና የምግብ ዕቃ የነበረ ከሆነ ግን ሊጸዳ ይቻላል። በመጀመሪያ የት እንደሚታጠብ ይታሰብበት። በአሜሪካ ሰዎች ትንንሽ ኤሊዎችን በመስተዋት ገንዳ ያሳድጋሉ፤ ሳልሞኔላ የተባለው ጀርም ከእነዚህ ኤሊዎች ወደ ልጆች እየተላለፈ ስላስቸገረ፥ በ1967 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1975) መንግሥቱ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ ከለከለ። የጤና ሰዎች እስከ ዛሬ የሚመክሩት ገንዳው ምግብ በሚሰናዳበት ወጥ ቤት እንዳይታጠብ ነው፤ ጀርሙ ከገንዳው ተነሥቶ ሳሕን ላይ ያርፋልና። በካራ ኤሊ የሚያሳድግ ሰው አላጋጠመንም፤ ነገር ግን ከገበያ የመጣውን በርሜል ሰሐን ከሚታጠብበት ቦታ ላይ የሚያጥብ ብዙ ነው። ከወጥ ቤትና ከጉድጓድ ውኃ ራቅ ተብሎ በደጅ ይታጠብ።

ቀጥሎ በሙቅ ውኃ፥ በሳሙናና በብሩሽ ወለሉ፥ ግድግዳው፥ የክዳኑ ጥርስና ቧንቧው ሁሉ ይፈተግ፤ የሚያዳልጠው ልሙጥ ነገር እስኪለቅም ድረስ አይተው። ብዙ ሰው ይህን ድካም ዘሎ በረኪና ይደፋል፤ በረኪናው ግን ኀይሉን እድፉ ላይ ጨርሶ ጀርሙን ሳይነካው ይቀራል። ሳሙናው በደንብ ከተለቀለቀ በኋላ በርሜሉ በውኃ ተሞልቶ፥ ለ200 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ተጨምሮ፥ ተከድኖ አንድ ቀንና ሌሊት ይቆይ። ያ ውኃ አይጠጣም፤ ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው 200 ሊትር ይድፋ ማለትም ግፍ ስለሆነ፥ ለወለልና ለሽንት ቤት ማጠቢያ ይሁን። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ። በረኪናን ከሎሚ፥ ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ስለሚያወጣ፥ ይጠነክራል ብሎ የሚያደባልቅ ሰው ካለ ይከልከል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛ የሚመስለው አንባቢ፥ በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) በአዲስ አበባ በገባ ጊዜ የነበረውን ያስታውስ። ያን ጊዜ እጃችሁን ታጠቡ፥ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ ተብሎ ተሰበከ፤ የፈላው ውኃ ተመልሶ ስለሚገባበት ዕቃ ግን የተነገረው ጥቂት ነው። በዚህ እኛም የጤና ሠራተኞች ከወቀሳ አንድንም።

ካራ ያሉት መምህር ነገሩን ካስረዳናቸው በኋላ «ታዲያ ልጆቹ በምን ይጠጡ?» አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነበር። የመለስንላቸው፥ የምግብ ዘይት የሚመጣበት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ወረቀቱ እንዳለ፥ ከሚያውቁት ቤት ይውሰዱ የሚል ነው። ከአንድ ትልቅ ያልታወቀ ዕቃ አሥር ትንንሽ የታወቁ ይሻላሉ። ገንዘባቸውን ስለማስመለስ ግን የምንሰጣቸው መልስ አልነበረንም። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ወረቀቱን እንዳይፍቅ፥ የመርዝ ዕቃ የነበረውንም ለውኃ ብሎ እንዳይሸጥ፥ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤትና እኛ አንድ ላይ ሆነን ማስገደድ ይገባናል እንላለን፤ የሻጩን ስሕተት ገዢው በሳሙና እንዲያርመው መጠበቅ ፍርድ አይደለም።

መምህሩ በርሜሉን ለቆራሌው መልሰው ሊሸጡት አስበው ነበር። በመጨረሻ ግን በምስማርና በመዶሻ ታችኛውን ወለል አምስት ቦታ በሱት። ከክፍሉ ደጃፍ ዛሬ ስድስት ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረው ቆመዋል፤ በእያንዳንዱም ላይ «የመጠጥ» ተብሎ በጥቁር ቀለም ተጽፎባቸዋል።